ከመቀመጫው የተነሳው

የሸርጣኖች ቤዝቦል ቡድን ወጌሻ ኤባሪስቶ ፔጌሮ በመታሻ አልጋው ሥር በጎኑ ወድቆ ተገኘ። የአልጋው የብረት ጠርዝ በደም ተበክሏል፤ የነጭ ጋውኑ ኮሌታ ተጨማድዷል።

ያገኙት አሠልጣኙ ዶን ፋውስቲኖ ሪሆ ናቸው። ቡድኑ ወቅቱን ሙሉ ሲንገዳገድ ከርሞ በመጨረሻው ጨዋታ አሸንፎ ማለፉን አረጋገጠ። ወርዋሪው ሊዮካዲዮ ብሪቶ ደግሞ ከተጋጣሚዎቹ አንድም ሰው ኳሱን አጥርቶ ሳይመታበት ጨዋታውን ጨረሰ። በሳን ፔድሮ ሜዳ እንዲህ ያለ ነገር ከታየ ዘመን የለውም። ዶን ፋውስቲኖ ወጌሻውን ለደስታው ሊጠሩት ገብተው እየጮኹ ወጡ።

የፖሊስ ሻምበሏ ኢሶልዳ ፒንያ ስትደርስ ዝናቡ መንገዱን ውጦት ነበር። መኪናዋ ውሃው ውስጥ ቆሞባት የቀረውን በእግሯ ገባች። ተጫዋቾቹ መስኮት በሌለው የልብስ መቀየሪያ ክፍል ከነላባቸው ታጉረዋል። መውጫ የለም፤ አየሩም አልቋል። የቆርቆሮው ጣሪያ ጩኸት ሰው ከሰው እንዳይደማመጥ አድርጓል።

«ወደ ወጌሻው ክፍል በስንት በር ይገባል?» አለች።

«በሁለት» አሉ ዶን ፋውስቲኖ። «የውጭውን ደጋፊ እንዳይገባ ብዬ እኔው ቆልፌዋለሁ፤ ቁልፉ ከኪሴ አልወጣም። ሌላው በጠባቡ መተላለፊያ ወደ ተጫዋቾች መቀመጫ ይወጣል።»

«ስለዚህ ገዳዩ ከመቀመጫው ተነስቶ የሄደ ሰው ነው።»

«የሄደውማ ይታወቃል!» አለ አንጋፋው ተጠባባቂ ኒካኖር፣ በአገጩ ወደ ጥግ እየጠቆመ።

ጥጉ ላይ ወለሉ ላይ የተቀመጠው ወጣቱ ተጠባባቂ ኳስ ተቀባይ ዋስካር ሴቬሪኖ ነበር። ጓደኞቹ እጆቹን በፋሻ አስረውታል። አንድ የአሜሪካ ቡድን አስፈርሞታል፤ አውሮፕላኑ ማክሰኞ ይነሳል። ማክሰኞ እስር ቤት ከዋለ ቦታውን ሌላ ይወስደዋል፤ ይህን እዚያ ክፍል ውስጥ የማያውቅ አልነበረም።

«ለምን ተነሳህ?»

«ሽንት ያዘኝ፣ ሻምበል።»

«ሽንት ያዘው!» አለ ኒካኖር። «ሰውዬው እንደዚያ እየወረወረ ማን ከነበረበት ይነቃነቃል? እኔ እግሬ እንጨት እስኪሆን አልተነሳሁም። አንተ ፊኛህን ትንሽ ብትለምነው ምን ነበረበት?»

«ጠዋት ከሟቹ ጋር ተጣልተሃል ይላሉ» አለች ሻምበሏ።

«ጉልበትህ ለአሜሪካ አይሆንም አለኝ፤ ጮህኩበት። ግን ሻምበል፣ መጮህና መግደል አንድ ነው?»

ወደ ሟቹ ሄደች። ኮሌታው ላይ፣ ጣቶች ጨብጠው በያዙበት ቦታ፣ ፈዘዝ ያለ ዱቄት አለ። ነካችው፤ ጣቷ ላይ ተጣበቀ። ወርዋሪዎች ኳሱ እንዳይሾልክባቸው ሜዳው መሃል ከምትቀመጥ ከረጢት የሚነኩት የሙጫ ዱቄት ነው።

«ይሄማ ምን ይገርማል?» አሉ ዶን ፋውስቲኖ። «የሊዮካዲዮን ክንድ ሲያሽ የሚውል ሰው ነው።»

ሊዮካዲዮ ክርኑ ላይ በረዶ አስሮ ለብቻው ተቀምጦ ነበር። የውሃውን ጠርሙስ በግራ እጁ ይዞ በጥርሱ ከፈተው።

«ክንድህ እንዴት ነው?»

«ደህና ነው። ሻምበል፣ እኔ ከመቀመጫዬ አልተነሳሁም። ቡድኑን በሙሉ ይጠይቁ።»

ጠየቀች። ሁሉም ያሉት አንድ ነገር ነው፦ በወንበሩ ጥግ ተቀምጦ ነበር።

ከዚያ ሁሉንም ዋስካር ዙሪያ ሰበሰበቻቸው።

«ዶን ፋውስቲኖ፣ ኤባሪስቶ ይህን ጋውን መቼ ለበሰው?»

«መዝሙሩ ሲዘመር። ሁልጊዜ የታጠበ የሚቀይረው ያኔ ነው።»

«ከዚያ በኋላ ወደ መቀመጫው መጥቷል?»

«አልመጣም። ጨዋታውን በሬዲዮ ነው የሚከታተለው፤ ካልጠራሁት አይወጣም። ዛሬ አልጠራሁትም።»

«ዋስካርስ ሜዳ ገብቷል? ከረጢቷን ነክቷል?»

«የት ገብቶ? ቀኑን ሙሉ ወንበር ሲያሞቅ ነው የዋለው።»

«ታዲያ ሙጫው ንጹሕ ጋውን ላይ በእግሩ ሄደ?»

ወደ ተጫዋቾቹ ዞረች።

«ሊዮካዲዮን አየሁት የምትሉ እጃችሁን አንሱ።» ሁሉም አነሱ። «ፊቱን ያየ አያውርድ።»

እጆቹ አንድ በአንድ ወረዱ።

«ኒካኖር፣ አንተ ያየኸው ምንድን ነው?»

«ጃኬቱን... ጥጉ ላይ» አለ ኒካኖር፣ ድምፁ ዝቅ ብሎ። «እንዴ ሻምበል! በእንዲህ ያለ ቀን ወርዋሪን ማን ያየዋል? ማን ያናግረዋል? ማን አጠገቡ ይቀመጣል? ሟርት እኮ ነው፤ ዕድሉን መስበር ነው!»

«አዎ። ዋስካርን ሁላችሁም ያያችሁት መነሳቱ ስላናደዳችሁ ነው። ሊዮካዲዮን ግን ላለማየት ተስማምታችሁ ነበር። ቡድናችሁ እየመታ አራት ነጥብ ባገባበት፣ ወርዋሪውም ወንበር ላይ በሚያርፍበት በዚያ ረጅም ዙር ዓይናችሁ ሜዳው ላይ ነበር። እሱ ጃኬቱን ወንበሩ ላይ ትቶ ሲሄድም ሲመለስም ያየው የለም። ጣቱ ላይ ሙጫ የነበረው የቡድናችሁ ሰው እሱ ብቻ ነው።» ወደ ወርዋሪው ዞረች። «የቀኝ ክንድህን ቀጥ አድርገህ አንሳ።»

ሞከረ። ክንዱ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ፤ ፊቱ በላብ ታጠበ።

«ክርኔ ውስጥ እሳት ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «መርፌ ውጋኝ አልኩት። ጅማቱ ተበጥሷል፣ ለፋውስቲኖ ተናግሬ አስወጣሃለሁ አለኝ። ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው፣ ሻምበል። ከአጥሩ ጀርባ የአሜሪካ ተጫዋች መልማይ ተቀምጧል። ብቀጥል ክንዴ ያልቅለታል፤ ብወጣ ደግሞ እኔው ያልቅልኛል። ኮሌታውን ይዤ ገፋሁት። ብረቱን አላየሁትም።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ተራዬ ደረሰ። ወጣሁና ወረወርኩ።»

ዋስካር የታሰሩ እጆቹን ወደ እሱ ዘረጋ። «እነዚህን ሲያስሩኝ ፊት ለፊቴ ነበርክ፣ ወንድሜ ሊዮ።»

«ምንም ስላላደረግክ ይለቁሃል ብዬ ነው።»

«መቼ? ማክሰኞ ካለፈ በኋላ?»

ሻምበሏ ፋሻውን በመቀስ ቆረጠችው።

ዋስካር ቦርሳውን አነሳ። ዶን ፋውስቲኖ ትከሻውን ያዙት። «ልጄ፣ ውሃው እስኪጎድል ቁጭ በል እንጂ። ማክሰኞ ገና ነው።»

«አውቃለሁ፣ አለቃ» አለ፣ እጃቸውን በቀስታ ከትከሻው እያወረደ። «ግን ከእናንተ ጋር አልቀመጥም።»

በሩን ገፍቶ ወጣ። ውሃው እስከ ወገቡ ደረሰ። ቦርሳውን ጭንቅላቱ ላይ አድርጎ ወደ ኋላው ሳይዞር ሄደ።