ነፍስ ስትንጠለጠል

መምህሯ ጥያቄዋን ሳትጨርስ የልጅቷ እጅ ወጥቶ ነበር።

«እስቲ መጀመሪያ ልጠይቅ» አለች የጀርመንኛ መምህሯ ፊቷን ከሰሌዳው ሳታዞር። የማን እጅ እንደሆነ ለማወቅ መዞር አላስፈለጋትም። የክፍሉ ልጆች ለዚህች ልጅ «ኤክስፕሬስ» የሚል ስም ያወጡላት በከንቱ አይደለም። ሌላው ስሙን ሲጽፍ እሷ ፈተናዋን ታስረክባለች። ደረጃ የምትወርደው ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ነው። ምሳዋን እንኳ የምትበላው አውቶቡስ ሊያመልጠው እንደደረሰ ሰው ነው።

ለነገው የቃል ፈተና ለእያንዳንዱ ተማሪ አንድ አንድ የጀርመንኛ አነጋገር ደርሶታል። ለእሷ የደረሳት ሰሌዳው ላይ በትልቁ ተጽፏል፤ «ዲ ዜሌ ባውመልን ላሰን»።

«ቃል በቃል ሲፈታ፣ ነፍስን እንድትንጠለጠል መተው ማለት ነው» አለች መምህሯ።

«ነፍሱ የተንጠለጠለች ሰው በአምቡላንስ ነው የሚወሰደው» አለ ከኋላ የተቀመጠ ልጅ። ክፍሉ ሳቀ።

«እነሱ አገር ግን ራሱ በእግሩ ሐይቅ ዳር ይሄዳል» አለች መምህሯ ሳትስቅ። «ሥራው ሲያልቅ፣ ጥድፊያው ሲቀር፣ ነፍስህን ከፍ ያለ አጥር ላይ እንደተቀመጠ ልጅ እግር ወዲያ ወዲህ እንድትል ትተዋታለህ። በቃ፣ ይኸው ነው። ነገ እያንዳንዳችሁ የደረሳችሁን በምሳሌ ታስረዳላችሁ። ምሳሌው በዓይናችሁ ያያችሁት ይሁን። ከስልክ ልትገለብጡ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ እኔም ስልክ አለኝ።»

ልጅቷ ሁሉንም ጻፈች። አንዱም አልገባትም።

እነሱ ቤት መንጠልጠል እንዲህ በቀላሉ የሚወራ ነገር አይደለም። አባቷ በገመድ ታስሮ የረጃጅም ሕንፃዎችን መስታወት ያጥባል። እናቷ ኮት እንኳ «ስቀዪው» እንጂ «አንጠልጥዪው» ብላ አታውቅም። ቤት ውስጥ ልብስ ትሰፋለች፤ የሱሪ እግር ታሳጥራለች፣ የጠበበ ቀሚስ ታሰፋለች። ሲንጀሯን ያስቀመጠችው ጀርባዋን ለመስኮቱ በሚሰጥ በኩል ነው። በመስኮቱ የሚታየው የከተማው መሀል ነው፤ የከተማው መሀል ደግሞ ሕንፃ ብቻ ነው።

ከትምህርት ቤት ስትመለስ እናቷ አፏ ላይ ሁለት ስፒል ይዛ ነበር። አውጥታ የስፒል መሰኪያዋ ትራስ ላይ ሰካቻቸው። እናቷ ስፒል ከአፏ ካወጣች ነገሩ ከባድ ነው ማለት ነው።

«ለአባትሽ አሠሪዎቹ የመጋዘን ሥራ ሰጥተውታል። በር ላይ ተቆጣጣሪ። ወንበር አለው፣ ጣሪያ አለው፣ ማሞቂያ ሳይቀር አለው። ነገ ጠዋት መልስ ይፈልጋሉ።»

«እሱ ምን አለ?»

«‹ላስብበት› አለ። ካገባሁት ጀምሮ ‹ላስብበት› ብሎ እሺ ያለበትን ቀን አላስታውስም።» እናቷ የጨርቁን ጫፍ በጣቷ ደጋግማ አለሰለሰች። «እኔማ ብዬ ብዬ ጆሮው ለምዶታል። አንቺን ግን ይሰማል። ሥራ ቦታው ሂጂና ንገሪው። እማ ላከችኝ እንዳትይ። ‹አባዬ፣ ፈርቻለሁ፣ ማጥናት አቅቶኛል› በይው። ካንቺ የመጣ ይምሰል።»

«ማጥናት እኮ አላቃተኝም።»

«ታዲያ ያቅትሽ። አንድ ቀን ቢያቅትሽ ምን ትሆኛለሽ?»

«ለምን አንቺ ራስሽ አትሄጂም?»

ሲንጀሯ ጥቂት ሰፍታ ቆመች። «ቀና ብዬ ማየት አልችልም» አለች እናቷ። ስፒሎቹንም መልሳ አፏ ላይ ያዘች።

ልጅቷ የትምህርት ቤት ቦርሳዋን ሳታወርድ ሹራቧን አንስታ ወጣች።

አባቷ ዛሬ የሚያጥበው ሕንፃ ከእነሱ ቤት ሁለት መንገድ ተሻግሮ ነው። መሻገሪያው ላይ ሆና አረፍተ ነገሯን እየሸመደደች ነበር። ፈርቻለሁ፣ ማጥናት አቅቶኛል። ፈርቻለሁ የሚለው ውሸት አልነበረም፤ ነፋስ በበዛበት ቀን እሷም እንደ እናቷ ጆሮዋን ስልኩ ላይ ጥላ ትውላለች። ማጥናት አቅቶኛል የሚለው ግን አፏ ውስጥ እንደ ሌላ ሰው ጥርስ ሆነባት።

ቀና አለች። አባቷ ከጣሪያው ጫፍ ትንሽ ዝቅ ብሎ ነበር። አይንቀሳቀስም። እጁ መጥረጊያውን አልያዘም። አንገቱ ወደ አንድ ጎን ዘንበል ብሏል።

ገመድ ላይ የሚሠራ ሰው ልጅ የምታውቀው አንድ ነገር አለ። አባቷ ራሱ ነው ያስተማራት፤ ገመድ ላይ ያለ ሰው ሲንቀሳቀስ አትፍሪ፣ ዝም ሲል ነው የሚያስፈራው። ልጅቷ ሮጠች። የዘበኛውን «የት ነው?» አልፋ፣ ሊፍቱ ውስጥ ቁልፉን ደጋግማ እየመታች፣ ከሊፍቱ ወጥታ የመጨረሻዋን ደረጃ በእጇም በእግሯም ወጥታ ጣሪያው ላይ ደረሰች።

የአባቷ የሥራ ባልደረባ የተጠቀለለ ገመድ ላይ ተቀምጦ ዳቦ ይበላል። ገመዶቹን የሚያስረውና የሚፈትሸው እሱ ስለሆነ «ቋጠሮ» ይሉታል፤ እሷ ደግሞ ጋሼ ቋጠሮ።

«ጋሼ ቋጠሮ፣ አባዬ ራሱን ስቷል!»

ጋሼ ቋጠሮ አፉ ውስጥ ያለውን አላምጦ እስኪውጥ ድረስ አልተናገረም። «አልሳተም» አለ። «ራሱን አግኝቶ ነው።»

«አይንቀሳቀስም እኮ።»

«ለምን ይንቀሳቀሳል? ሥራው አልቋል። በወገብ ማሰሪያው ብቻ ተንጠልጥሎ ዝም ቢል፣ ደም ስለሚያግድ፣ እኔም እንዳንቺ እሮጥ ነበር። የእንጨት ወንበሩ ላይ ነው የተቀመጠው። ይኸው፣ ገመዱ እጄ ስር ነው።» ዳቦውን ኪሱ ከተተና ተነሣ። «እኛ ዘንድ የመጨረሻው መስታወት ከታጠበ በኋላ ያለችው ጊዜ የራስ ናት። አንጠራውም፣ ቶሎ በል አንለውም። እጁን ሲያነሣ ‹ልውረድ› ማለቱ ነው፣ ያኔ አወርደዋለሁ። እኔም ስወርድ እሱ እንደዚሁ ያደርግልኛል።»

ልጅቷ ይህን ሰምታ አታውቅም። አባቷ አምሽቶ ሲመጣ ሥራ በዝቶበት ይመስላቸው ነበር።

«ማየት እችላለሁ?»

ጋሼ ቋጠሮ ወገቧንና ትከሻዋን በማሰሪያ አሰረና ብረቱ ላይ ቆለፈው። ፈተሸው። ደግሞ ፈተሸው። «አሁን እዪ። በደረትሽ ተደግፈሽ ነው እንጂ ቆመሽ አይደለም። ደግሞ ቀስ።»

ቀስ አለች። ምናልባት በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው።

መጀመሪያ ያየችው የአባቷን ቢጫ የራስ ቁር ነው። ከዚያ ትከሻውን፣ ጭኑ ላይ ያረፉትን ከውሃ ብዛት የተሸበሸቡ እጆቹን። ከዚያ ጫማዎቹን። ከጫማዎቹ በታች ምንም አልነበረም። ምንምነቱ ደግሞ ሰፊ ነበር፤ የታወቁት መንገዶች፣ የትምህርት ቤቱ ቆርቆሮ፣ ገበያው፣ ሁሉም አንድ ላይ ተዘርግተው፣ ማንም ሳያጣድፋቸው ቀስ እያሉ ይተነፍሳሉ። የአውቶቡስ ጥሩምባ እዚህ ሲደርስ እንደ ዝንብ ድምፅ ቀጥኖ ነበር። ከጫማዎቹ ስር እርግቦች አለፉ። ልጅቷ የሚበር ወፍ ጀርባ አይታ አታውቅም። ሲበሩ ክንፋቸው ላይ ፀሐይ እያረፈች ትነሣለች።

የታጠበው መስታወት ሰማዩን እንዳለ ይዞታል። መስታወቱ ውስጥም አንድ አባት አለ፣ ደመና ላይ የተቀመጠ። ሁለቱም አባቶች እግራቸውን ያወዛውዛሉ። ቀስ፣ ወዲያ፣ ወዲህ። ከታች ሆና ይህ አልታያትም ነበር። ቤት ሲገባ ጫማውን ለማውለቅ እንኳ የሚያቃስተው ሰው፣ አጥር ላይ እንደተቀመጠ ልጅ እግሩን ያወዛውዛል። ፊቱን በጎን አየችው። እራት ላይ የምታውቀው ፊት አልነበረም። ሩቅ ቦታ የሚዘፈን ነገር የሚያዳምጥ ሰው ፊት ነበር።

ትንፋሿ ራሱ ጮክ ያለ መሰላትና ያዘችው።

አባቷ ቀና አለ። «ሚጣ? ምን ሆናችኋል? እናትሽ ደህና ናት?»

«ደህና ናት።»

«ታዲያ ምን አመጣሽ?»

አረፍተ ነገሩ ምላሷ ጫፍ ላይ ተዘጋጅቶ ነበር። ጥያቄ ሳያልቅ የምትመልሰው ልጅ ግን ዝም አለች። አባቷም አላጣደፋትም።

«ስትጨርስ ለምን ወዲያው አትወርድም?» አለች በመጨረሻ።

«ቀኑን ሙሉ አፍንጫዬ መስታወቱ ላይ ነው። የማየው ቆሻሻ ነው። ሲያልቅ ዞር እላለሁ።»

«ዞር ብለህ ምን ታያለህ?»

«ያለውን።»

ልጅቷ እንደገና ወደ ታች አየች። «ጀርመኖች ለዚህ ስም አላቸው» አለች። ነገረችው፤ መጀመሪያ በጀርመንኛ፣ ቀጥላ በአማርኛ።

«ነፍስን እንድትንጠለጠል መተው» አለ አባቷ፣ ጨርቅ በእጁ እንደሚመዝን ሰው። «ገመድ ላይ የሚሠሩ ሰዎች ናቸው እንዴ?»

«አይ፣ ሐይቅ ዳር ነው አሉ።»

«እኛ ጋ ሐይቅ የለም። በተገኘው ነው።» እንደገና ወደ እሷ ቀና አለ። «ለእናትሽ ግን እንዲህ ብለሽ እንዳትነግሪያት። ነፍስንና መንጠልጠልን አንድ ላይ ከሰማች በመቀሷ መጥታ ገመዱን ትቆርጠዋለች። ያኔ ደግሞ ሌላ ችግር ነው።»

ጋሼ ቋጠሮ ከኋላ ሳል መሰል ነገር አሰማ።

«መጋዘኑን እሺ ልትላቸው ነው?» አለች ልጅቷ።

አባቷ ገመዱን በመዳፉ ዳሰስ አደረገው። «እናትሽ እንቅልፍ የላትም። ሌሊት ጣሪያ ጣሪያውን ስታይ አያታለሁ፣ የተኛሁ መስሏት። እሷን ሳይ እሺ እላለሁ። እዚህ ስቀመጥ ደግሞ…» የቀረውን በእጁ ወደ ከተማው አሳየ።

«ይህን ነግረሃት ታውቃለህ?»

«ምን ብዬ? ‹ከሥራ በኋላ ትንሽ ተንጠልጥዬ ነው የምመጣው› ልበላት?»

«እሷ ናት የላከችኝ» አለች ልጅቷ። ፊቷ ጋለ። «‹ፈርቻለሁ፣ ማጥናት አቅቶኛል በይው› ብላኝ ነው። ካንቺ የመጣ ይምሰል ብላ።»

አባቷ አልተቆጣም፣ አልሳቀም። «ማጥናት እንዳላቃተሽ እንኳ አውቃለሁ። ፈርተሻል?»

አሰበችበት። እግሮቹን አየች፣ እርግቦቹን አየች፣ ብረቱ ላይ የተቆለፈውን ማሰሪያዋን ነካች። «ታች ሆኜ ፈርቼ ነበር። በጣም። እዚህ ሆኜ ገና አላወቅሁም።»

«ይሁን» አለ አባቷ። «ስታውቂ ትነግሪኛለሽ።»

«ትንሽ መቆየት ትችላለህ?»

አባቷ ወደ ባልደረባው ቀና አለ። ጋሼ ቋጠሮ ሰማዩን አየ፣ ነፋሱን በፊቱ ለካ፣ «ፀሐይ እስክትገባ ምንም አይለውም» አለ።

ልጅቷ ከጫፉ ተመልሳ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀመጠችና ስልኳን አወጣች። ገና ጠርቶ ሳይጨርስ እናቷ አነሣችው።

«ነገርሽው?»

«ነገርኩት። ያልሽኝን ግን አይደለም።»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«እማ፣ ነይ። መጥተሽ እዪው። ከዚያ የምትዪውን ራስሽ በዪው። እየጠበቀሽ ነው።»

«እኔ አልችልም ብዬሽ የለ?»

«ቀና ብለሽ አይደለም የምታዪው። እዚህ ጣሪያው ላይ ነይ፤ ከላይ ነው የሚታየው።»

የሲንጀሯ ድምፅ መጥቶ ነበር፣ ቆመ። ልጅቷ አልቸኮለችም።

«ምን እያደረገ ነው?» አለች እናቷ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«እግሩን ያወዛውዛል።»

«ምኑን?»

«እግሩን። እንደ ልጅ።»

ሳጥን ሲከፈት ተሰማ፣ ጨርቅ ሲነሣ።

«ነፋስ አለ እዚያ?»

«ትንሽ አለ።»

«ያቺን ወፍራም ሹራቡን ይዤ ልውጣ እንግዲህ» አለች እናቷ። «ምንም አልልም ማለት ግን አይደለም። እንዳትጠብቂ።» ስልኩን ዘጋችው።

ጋሼ ቋጠሮ ማንም ሳይጠይቀው ከቦርሳው ሌላ ማሰሪያ አውጥቶ ቀበቶውን ያጠብብ ጀመር። «ወገቧ ያንቺን ያህል ነው?» አለ።

«ትንሽ ይበልጣል።»

ልጅቷ ስልኩን ኪሷ ከተተች። እናቷ እስክትደርስ የምትሠራው ምንም አልነበራትም። ማስታወሻ ደብተሯን ለማውጣት እጇ ወደ ቦርሳዋ ሄደ፤ ከዚያ ተወችውና እዚያው ተቀመጠች።