የቢሊሴ ሃያ አንድ ቀን

ቢሊሴ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ናት። ቤታቸው መቱ ከተማ ነው። ኮሮና የመጣ ጊዜ ትምህርት ቤት ተዘጋና እናቷ ሙላቷ እቤት ታስተምራት ጀመር።

እናቷ በልጅነቷ ስካውት ነበረች። ስለዚህ ሒሳብና ሳይንስ ብቻ አላስተማረቻትም። ቢሊሴ ቁስል ማሰር ስትችል አንድ ባጅ፣ ወጥ መሥራት ስትችል ሌላ ባጅ ከጨርቅ ቆርጣ ሸሚዟ ላይ ሰፋችላት። የቀረው የዜግነት ባጅ ነበር። ይኼኛው ግን ከበድ ይላል።

«ጥሩ ዜጋ ጎረቤቱን አይረሳም» አለቻት እናቷ። «ለጋሼ ጀላሉ ሃያ አንድ ቀን ውሃ ታደርሻለሽ። በየቀኑ ደብተርሽ ላይ ይፈርሙልሻል። አንድ ቀን ከዘለልሽ ግን እንደገና ከአንድ ትጀምሪያለሽ።»

ጋሼ ጀላሉ ድሮ ከያዮ ቡና ያመጡ የነበሩ ነጋዴ ናቸው። አሁን አርጅተው ብቻቸውን ይኖራሉ። ጉልበታቸው ውሃ ለመቅዳት አይችልም። ዓይናቸውም ስለደከመ የሚፈርሙት በአውራ ጣታቸው ነው። ቢሊሴ ጀሪካኑንና የማኅተም ቀለሙን ይዛ ትሄዳለች። «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ! መጣሽልኝ? አላህ ያሳድግሽ!» ይሏታል። ደስ ይላት ነበር።

አሥራ ስምንት ቀን እንዲህ ሄደ። በአሥራ ዘጠነኛው ቀን የሰኔ ዝናብ ዶፉን ለቀቀው። የመቱን ጭቃ ታውቁት የለ? ቢሊሴ በመስኮት አየችና «ሲያባራ እሄዳለሁ» አለች። ቴሌቪዥኑ ላይ ተጣደች። ዝናቡም አላባራ፣ ቀኑም ሄደ። እናቷ ከሱቅ ልትመለስ ስትል ቢሊሴ ደነገጠች።

«እንደገና ከአንድ ልጀምር? ኧረ አላደርገውም!»

ምን ያደረገች ይመስላችኋል? የራሷን አውራ ጣት ቀለሙ ውስጥ ነክራ ደብተሩ ላይ አተመች። አይ ቢሊሴ! በማግስቱም ዘነበ፤ አተመች። በሦስተኛው ቀን እንኳ ዝናብ አልነበረም። ግን ምን ብላ ፊታቸው ትቁም? አፍራ ቀረችና አሁንም አተመች።

በበነጋው ጠዋት እናቷ «ጎበዝ! ባጁን ከመስፋቴ በፊት ጋሼ ጀላሉን ላመስግናቸው» ብላ ተነሳች። ቢሊሴ ወደ ኋላ እየቀረች ተከተለቻት። ጋሼ ጀላሉ ወለሉ ላይ ወድቀዋል። ከንፈራቸው ደርቋል። እናቷ ጮኸች። በባጃጅ ሐኪም ቤት አደረሷቸው።

«መቼ ነው የወደቁት?» አለ ሐኪሙ።

«ትናንት ማታ መሆን አለበት» አለች እናቷ። «ቀን ልጄ ውሃ አድርሳላቸው ፈርመውላታል።»

ጋሼ ጀላሉ ዓይናቸውን ገለጥ አድርገው ቢሊሴን አዩዋት። «አዎ» አሉ በደከመ ድምፅ። «ትናንት መጥታለች።»

ሸፈኑላት እኮ! ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም። ሐኪሙ ግን በውሸት ወሬ ሊያክማቸው ነው። የቢሊሴ እንባ ዱብ ዱብ አለ።

«ውሸት ነው! ሦስት ቀን አልሄድኩም። ጣቱ የኔ ነው!»

የሐኪሙ ፊት ጠቆረ። ሮጦ ግሉኮስ አመጣ። እናቷ አልመታቻትም፤ አልተቆጣቻትም። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ አለቀሰች። ቢሊሴን ይህ ከዱላ በለጠ አሳመማት።

በኋላ አልጋው አጠገብ ተንበርክካ «ይቅር በሉኝ ጋሼ» አለች።

«ይቅር ብያለሁ ልጄ። የወደቅኩት የቀረሽ የመጀመሪያው ቀን ነው። ትመጣለች እያልኩ በር በሩን ሳይ ዋልኩ።»

«ታዲያ ለምን መጥታለች አሉ?»

«እንዳይቆጡሽ ብዬ ነዋ።»

ጋሼ ጀላሉ ሐኪም ቤት በገቡ በአራተኛው ቀን ዐረፉ። ልጃቸው ጠይባ ከኡካ መጣች። ለቅሶ ቤት ሰው ሁሉ «ውሃ ታመላልስላቸው የነበረችው ይቺ ናት፤ ተባረኪ!» ሲል ቢሊሴ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ወደደች። ቢሆንም ወደ ጠይባ ሄዳ እውነቱን በራሷ አፍ ነገረቻት።

ጠይባ «አባቴን ውሃ ጠምቶት ነበር?» ብላ ጠየቀቻት።

«አዎ» አለች ቢሊሴ።

ልጆቼ፣ የተጣለባችሁን አደራ ሰው ቢያያችሁም ባያያችሁም ፈጽሙ፤ ሳትፈጽሙ ከቀራችሁ ደግሞ ሳይረፍድ የዚያኑ ዕለት ተናገሩ።