የዝናቡ ዋስ

«ይሄ ምንድን ነው?» አሉ በእድሩ አዳራሽ በር ላይ የቆሙት ሽማግሌ፣ የፌስታሉን አፍ በሁለት ጣት ገለጥ አድርገው።

«ቆሎ ነው፣ የአባቴ። ዛሬ ረስቶት ወጣ» አለች ወይኒቱ። ከቤት ጀምራ ስለሮጠች ትንፋሿ ይቆራረጣል። «ስብሰባው ላይ አብራችሁ የምትበሉት።»

ሽማግሌው አቶ ሙላት ይባላሉ። ሐይቅ ከተማ ውስጥ መጠጥ ለመተው የቆረጡ ሰዎች ቅዳሜ ቅዳሜ በዘጠኝ ሰዓት የሚመካከሩበትን ማኅበር የመሠረቱት እሳቸው ናቸው። ፌስታሉን መልሰው አስያዟት።

«እኛ ዘንድ ቆሎ አይገባም፣ የኔ ልጅ። የመጀመሪያው ደንባችን ነው። ቆሎ የቆረጠመ አረቄ ያምረዋል። የኛ ሻይና ዳቦ ነው። አባትሽ ማን ይባላል?»

«ዝናቡ። ባለ ባጃጁ።»

አቶ ሙላት ትንሽ አሰቡ። «አንድ ቀን መጥቶ ነበር፣ ከገና በፊት። ከዚያ ወዲህ አላየነውም።»

ወይኒቱ ጆሮዋ ድረስ ጋለች።

ኅዳር ላይ እናቷ ወይዘሮ ተሾመች የባሏ መጠጥ ቢያንገሸግሻት ትንሹን ልጇን አዝላ ውጫሌ፣ ወንድሟ ዘንድ ሄዳ ነበር። ሽማግሌ ሲላክባት «ዋስ ይጥራ» አለች። የበደለ ባል ዋስ ሳይጠራ ዕርቅ የለም። ግን ለጠጪ ማን ዋስ ይሆናል? የወይኒቱ አጎት አቀረቀረ፣ ጎረቤቱ ሁሉ አንገቱን አከከ። ከበሩ ሥር የተቀመጠችው ወይኒቱ ብድግ ብላ «እኔ ዋስ ነኝ» ያለችው ያኔ ነው። ሽማግሌዎቹ ሳቁ፤ የአሥራ አምስት ዓመት ዋስ አይተው አያውቁማ። ተሾመች ግን አልሳቀችም። «እሷ ካለች እመለሳለሁ» አለች።

ወይኒቱ ቃሏን በአፍ ብቻ አልተወችውም። ጤና ጣቢያው አጥር ላይ የተለጠፈውን የማኅበሩን ማስታወቂያ ደብተሯ ጀርባ ላይ ገልብጣ ለአባቷ አሳየችው። አነበበና አለቀሰ፤ ግንባሯንም ሳማት። ከዚያ ወዲህ ዓርብ በመጣ ቁጥር ገብስና ሽምብራ ቀላቅላ ትቆላለታለች። እሱም ቅዳሜ ማስቲካውን እያኘከ ይመለስና «ቆሎሽን ተሻሙበት እኮ!» ይላታል። እናቷ «ሄደ?» ብላ ስትጠይቅ «ሄዷል» ብላ የምትመልሰው ወይኒቱ ናት።

«አብሽሪ» አሏት አቶ ሙላት። «እኔም ሦስቴ ጠፍቼ ነው የተመለስኩት። በሩ አልተዘጋብህም በይው።»

የት እንዳለ ለማወቅ ጠንቋይ መጠየቅ አላስፈለጋትም። ከመናኸሪያው ጀርባ፣ አጥሩ ላይ ጣሳ የተደፋበት ቤት ደጃፍ ሰማያዊዋ ባጃጅ ቆማለች። ወይኒቱ ወደ በሩ ተጠጋች። አባቷ ጀርባውን ሰጥቶ፣ መለኪያውን ፊቱ አድርጎ ከሁለት ሰዎች ጋር ይሳሳቃል።

«ዝናቡ» አለች ባለቤቲቱ እየቀዳችለት፣ «ዛሬ የልጅህ ቆሎ የለም እንዴ? አስለመድከን እኮ!»

ወይኒቱ አንድ ሰው በጥፊ የመታት መሰላት። እሷ እጇን እየፈጃት የቆላችው፣ እብቁን እፍ ብላ የለቀመችው፣ ለዚህ ቤት ነበር። ከሰዎቹ አንዱ አያትና አባቷን በክርኑ ጎሰመው።

ዝናቡ እየተደናበረ ወጣ። «ወይኒዬ... ዛሬ ብቻ ነው።»

«ቆሎዬን ያውቁታል» አለችው።

ወደ መሬት አየ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ለእናትሽ እንዳትነግሪያት። ከሰማች ነገውኑ ውጫሌ ናት። ከሚመጣው ቅዳሜ ጀምሮ፣ የግሸኗን...»

«በማርያም አትማል!»

«ዋሴ አይደለሽም እንዴ? አንቺ ካልሸፈንሽኝ ማን ይሸፍነኛል?»

እዚህ ላይ እንባዋ መጣ። ንዴት ነበር፤ ግን ንዴት ብቻ ቢሆን ኖሮ ይሻላት ነበር። «አሥራ አንድ ቅዳሜ እማዬን ዋሽቻታለሁ» አለች። «አንተ አንድም ቀን አልዋሸሃትም። እሷ የምትጠይቀው እኔን ነው። አንተ የዋሸኸው እኔን ነው፣ አባዬ።»

ዝናቡ ወደ መጠጥ ቤቱ በር ዞር ብሎ አየ።

«ስብሰባው ገና አልተበተነም። በሩ አልተዘጋብህም በይው ብለውኛል፣ ነገርኩህ።» ፌስታሉን ባጃጇ ወንበር ላይ ጥላለት አስፋልቱን ተሻገረች።

መንገዱ ላይ ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ ነጠላዋን ይገፍፈዋል። «ሄዷል» ማለት ቀላል ነበር። አንዲት ቃል ናት፤ ለምዳታለች። ያቺን ቃል ካለች እናቷ ዛሬም ቤቷ ታድራለች፣ ትንሹ ወንድሟም እዚሁ ያድጋል። እውነቱን ካወጣች ደግሞ ቤቱን የበተነችው እሷ ትሆናለች፤ አባቷ ሳይሆን እሷ። ይሄ በጣም አናደዳት፤ ደግሞም በጣም አስፈራት።

ከኋላዋ የባጃጅ ሞተር ሲነሳ ሰማች። የአባቷ ትሁን የሌላ፣ ወደ አዳራሹ ትሂድ ወደ ሌላ ቦታ፣ ዞራ አላየችም።

እናቷ ግቢው ውስጥ ልብስ እያጠበች ነበር። ወይኒቱ በረንዳው ላይ የነበረውን የእንጨት ዱካ አንስታ አጠገቧ አስቀመጠችላት።

«እማዬ» አለቻት፣ «እጅሽን አድርቂና ነይ ተቀመጪ።»