ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት

«ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» አለች ሐኪሟ፣ የደም ምርመራውን ውጤት እያገላበጠች።

«ኧረ ምንም የለም» አለች እናት።

አጠገቧ የተቀመጠችው ልጇ ቀጮ ክው አለች። ስሙን ጓደኞቿ በቅጥነቷ ያወጡላት ነው፤ ዛሬ ግን ፍርሃቱ ብቻውን ሊያከሳት ደርሷል። እናቷ ስትዋሽ መስማት ለእሷ አዲስ አይደለም። ልብስ ሰፊ ናትና «ነገ ይደርሳል» እያለች ደንበኛ ስታመላልስ ነው የኖረችው። ይሄኛው ግን ሌላ ነው። እናቷ በየቀኑ የኤችአይቪ መድኃኒት ትውጣለች። ሰሞኑን ደግሞ የስፌት መኪናው ላይ አጎንብሳ ስትሰፋ ስለምትውል፣ ወገቧን ሲያማት ማስታገሻውን እንደ ከረሜላ ነው የምትቅመው።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እያለች የቀጮን የፈተና ውጤት ከቦርሳ ሥር ጎትታ የምታወጣው ይህችው እናት ናት።

ለምን እንደዋሸች ግን ቀጮ ገብቷታል። የወትሮው ክትትሏ ራቅ ያለ ሰፈር ነው፣ የሚያውቃት ሰው እንዳይኖር ሆን ብላ የመረጠችው። ዛሬ ጠዋት እግሯ አብጦ ጫማ አልገባ ሲላት ቅርብ ያለው ክሊኒክ ገቡ። እዚያ ግፊት የምትለካው ነርስ ደንበኛቸው ሆና ተገኘች። ገና ሲገቡ «ቀሚሴ ደረሰ?» ነው ያለችው፤ አሁንም እዚሁ ክፍል ውስጥ ቆማለች። እሷ ጆሮ የገባ ወሬ ሳያድር ሰፈሩን ይዞራል።

«ኩላሊትዎ እየደከመ ነው» አለች ሐኪሟ ቀስ ብላ። «መንስኤውን ማግኘት አለብን። ኩላሊት የሚጎዱ መድኃኒቶች አሉ፤ ለዚህ ነው የጠየቅኩዎት። እርግጠኛ ነዎት?»

«እርግጠኛ ነኝ።»

የሽንት ምርመራ ታዘዘና እናትና ልጅ ወደ ኮሪደሩ ወጡ። ነርሷም የሌሎች ታካሚዎች ናሙና ይዛ ወደ ላቦራቶሪ ሄደች።

«እማ፣ ለምን ዋሸሻት?»

«ዝም በይ፤ ግድግዳም ጆሮ አለው።»

«የምትወስጂውን ነገር ሳታውቅ እንዴት ታክምሽ? ነርሷ እንደሆነች ሄዳለች። ለዶክተሯ ብቻ ንገሪያት።»

«ነገ መልሳ ለነርሷ ብትነግራትስ? ከዚያ በኋላ ማን ልብስ ያሰፋኛል? ማን ሰውነቱን እንድለካው ፊቴ ይቆማል?» እናት ለሽንቱ የተሰጣትን ባዶ ዕቃ በእጇ አሽከረከረችው። ቆይታ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ደግሞስ መድኃኒቱን ብታስቆመኝ? ሳልጀምረው በፊት እንዴት እንደነበርኩ አላየሽም። ሰው ነበር አልጋ ላይ የሚያገላብጠኝ።»

ይህን ነግራት አታውቅም ነበር። ቀጮ ብትናገርና መድኃኒቱ ቢቆም፣ እናቷ ዳግመኛ አልጋ ላይ ብትወድቅ፣ ጥፋቱ የማን ሊሆን ነው? ዝም ብትልስ? የእናቷን ቁርጭምጭሚት ትናንት በጣቷ ጫን ስታደርገው ጉድጓዱ እዚያው ቀርቶ ነበር። እስኪሞላ እያየች ትንፋሿን ይዛ ነበር የጠበቀችው።

«ታስቁምሽ አታስቁምሽ እኔ አላውቅም» አለች በመጨረሻ። «አንቺም አታውቂም። እሷ ግን ታውቃለች።»

«አንቺ ልጅ፣ አደራ ብዬሻለሁ።»

«አደራሽንማ አልበላሁም። ለማንም ትንፍሽ ብዬ አላውቅም።» እንባዋ መጣ። «እንዳትሞቺብኝ ፈራሁ፣ እማ።»

እናት ወለሉን አየች። በኮሪደሩ ጫፍ አንድ ሽማግሌ ያስላሉ። ላቦራቶሪው በር ላይ የነርሷ ሳቅ ይሰማል፤ ልትመለስ ነው።

ቀጮ ወደ ሐኪሟ ክፍል ዞረች። እናቷ እጅጌዋን ጭምድድ አድርጋ ያዘቻት። ቀጮ ቆመች፣ አልተመናጨቀችም፣ ዞራም አላየቻትም። በነፃው እጇ በሩን አንኳኳች።

«ይግቡ» አለ የሐኪሟ ድምፅ።

በሩን ገፋ አድርጋ ገባች። እናቷ እጅጌዋን አልለቀቀችም፤ እንደያዘቻት ተከትላት ገባችና ነርሷ ሳትደርስ በሩን ከኋላቸው ዘጋችው።