የነጬ ክስ

ጉዳዩ መርማሪዋ እጅ የገባው የመንደሩ ፍርድ ካለቀ በኋላ ነው። ሟቹ የተኩላ ማገገሚያ ጣቢያ ኃላፊ፣ ገዳይ የተባለችው አንዲት እናት ተኩላ፣ ቅጣቱ በማግስቱ ጠዋት በጥይት መገደል። ከእሷ የሚጠበቀው ጣቢያው ድረስ ሄዳ፣ ሬሳውን አይታ፣ «ልክ ነው» ብላ መመለስ ብቻ ነበር። አለቃዋም በስልክ ያላት ይህንኑ ነው፤ የአንድ ቀን ሥራ ናት፣ አታወሳስቢያት።

መርማሪዋ ግን አታወሳስቢ በተባለች ቁጥር የምትጠረጥር ሴት ናት። ደረጃ ስትወጣ «ወይ ጉልበቴ» የማለት ልማድ ስላላት ቢሮ ውስጥ «ጉልበቴ» የሚል ስም ወጥቶላት በዚያው ጸንቷል። ጉልበቷ ቢለግምም ዓይኗ ለግሞ አያውቅም።

ጣቢያው ጭጋግ ከማይለየው ኮረብታ ሥር የቆመ ረጅም የቆርቆሮ ቤት ነው። ከጀርባው በሽቦ በታጠረ ሜዳ ውስጥ ሰው ያሳደጋት ተኩላ ከቡችሎቿ ጋር ተጋድማለች። በዱር የቀሩት ተኩላዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ ከእነሱም ዘንድሮ የወለደችው አንዲት ብቻ ናት። የጭራዋ ጫፍ ነጭ ስለሆነ የጣቢያው ሰዎች «ነጬ» ይሏታል። ነገ የምትገደለው እሷ ናት።

ሬሳው ዕቃ ቤት ውስጥ፣ ጠረጴዛ ላይ ነበር። መርማሪዋ አንሶላውን ገልጣ ብዙ ቆየች። የጭንቅላቱ የኋላ አጥንት ተሰብሯል። ቀኝ እጁ ላይ ጥልቅ የጥርስ ምልክት አለ፤ ዙሪያውን ግን ደም የሚባል የለም። የጃኬቱ ጀርባ በጭቃ ተለውሷል፤ ደረቱና እጅጌው ግን ገና ታጥቦ የተለበሰ ይመስላል። ጥፍሮቹን አንድ በአንድ አየች። ንጹሕ ናቸው።

ሬሳውን ያገኘው «አንቴና» ነው። የተኩላዎቹን የአንገት ሬዲዮ ድምፅ ሲከተል የሚውል ቀጭን ረጅም ሰው ነው፤ ቅጽል ስሙን ያገኘው ከመሣሪያው ይሁን ከቁመቱ እሱም አያውቀውም። ሥራውን ለመርማሪዋ ያስረዳትም እሱ ነው። የአጥሯ ተኩላ አምስት ወልዳለች፤ ነጬ ሁለት። ከአምስቱ ሁለቱን ይወስዱና ነጬ ለአደን ስትወጣ ጠብቀው ጎሬዋ ውስጥ ከልጆቿ ጋር ይቀላቅሏቸዋል። ከተቀበለቻቸው እንደ ልጆቿ ታሳድጋቸዋለች።

«ልጆቿ ሁለት እንደነበሩ አታውቅም እንዴ?» አለችው።

«ተኩላ መቁጠር አትችልም እትዬ፤ ማሽተት ግን ትችላለች። እንግዳ ሽታ ከሸተታት አውጥታ ትጥላቸዋለች። ጋሼ ለዚህ መላ ነበረው።» ኃላፊውን ሁሉም ጋሼ ነበር የሚሉት። «በደረቱ ተኝቶ እጁን እስከ ብብቱ ጎሬው ውስጥ ይከትና አፈሩን ይዝቃል። ከዚያ እጁንም ቡችሎቹንም በዚያ አፈር ያሻል። እኔንም ያስተማረኝ እንደዚያ ነው። ሐኪሟ ደግሞ በጥጥ ነው የምትሠራው። የነጬን ልጆች ሆዳቸውን በእርጥብ ጥጥ ዳበስ ዳበስ ስታደርጋቸው ይሸናሉ፤ በዚያው ጥጥ አዲሶቹን ትቀባቸዋለች። ጋሼ ጥጥ ለቁስል ነው ይላት ነበር። በዚህ ሲጨቃጨቁ ባልና ሚስት ነበር የሚመስሉት።»

ትናንት ማለዳ ኃላፊው ሁለቱን ቡችሎች በሣጥን ይዞ ወጣ። ብቻውን ነው የሄደው ተባለ። ቀትር ላይ አንቴና ከጎሬው በታች ካለው ገደል ሥር ሞቶ አገኘው። ከገደሉ በላይ ቡችሎቹ ጎሬው ውስጥ ከነጬ ልጆች ጋር ተቃቅፈው ተኝተዋል፤ ባዶው ሣጥን ክዳኑ ተገጥሞ ከጎሬው ደጅ ተቀምጧል። ሰዉ ሁሉ «ሥራውን ጨርሶ ሲመለስ ነጬ ደረሰችበት» አለ። ያልተስማማው አንቴና ብቻ ነበር፤ ያን ጠዋት የነጬ ሬዲዮ ይሰማው የነበረው ከወንዙ ማዶ ነው።

«ታዲያ ለምን አላመኑህም?»

«ለተኩላ ብዬ እንደምዋሽ ሁሉም ያውቃላ።»

የሟቹ ታናሽ ወንድም የጣቢያው ሾፌር ነው፤ ሆዱና መሪው የሚጋፉ ወፍራም ሰው። መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ሲያለቅስ ነው ያገኘችው። ነጬ ትገደል ብሎ አቤት ያለውም እሱ ነበር። እሱ ከመኪናና ከሞተር በቀር የሚያውቀው እንደሌለ፣ ቡችላ እንኳ ነክቶ እንደማያውቅ፣ ወንድሙ ግን ለእነዚህ አውሬዎች ሲል ትዳር እንኳ ሳይዝ እንደቀረ ነገራት። ትናንት ጠዋት መኪናው ሥር ተኝቶ ዘይት ሲቀይር ስለነበር ማን እንደወጣ ማን እንደገባ አላየም።

«ሰሞኑን የተለየ ነገር አይተህበታል?»

«እንቅልፍ አጥቶ ነበር። ለሐኪሟ የምነግራት ነገር አለ፣ አፌ ላይ እየደረሰ ይመለሳል ይለኝ ነበር። ምን እንደሆነ ለእኔም አልነገረኝም።»

በረንዳው ላይ ጠብመንጃ ጭናቸው ላይ አጋድመው የተቀመጡት ሽማግሌ ባለበጉ የሚባሉ የመንደሩ ሰው ናቸው። መንደሩ ነጬን እንዲገድሉ የወከለው እሳቸውን ነው። ባለፈው ክረምት በጋቸውን ተኩላ በፈጀባቸው ጊዜ ኃላፊውን ከገደል እወረውርሃለሁ ብለውት ነበርና መርማሪዋ ይህንኑ አነሳችባቸው።

«ብያለሁ» አሉ ሳይደነግጡ። «ግን ልጄ፣ እኔ እሱን ብወረውረው ቡችሎቹን እምራቸው ነበር?»

ይህ መልስ ከመርማሪዋ አእምሮ አልጠፋም።

ሐኪሟን ወጥ ቤት ውስጥ ጡጦ ስትቀቅል አገኘቻት። እናቱ የገፋችው አንድ ደካማ ቡችላ በካርቶን ውስጥ ተጠቅልሎ ምድጃው አጠገብ ተኝቷል። ድምፅዋ ዝግ ያለ፣ ዓይኗ ከሰው ዓይን የሚሸሽ ወጣት ናት። ትናንት ጠዋቱን ሙሉ ከዚህ ቡችላ ጋር እንደነበረች ተናገረች።

«ጎሬው ጋ ከወጣሽ ስንት ጊዜ ሆነሽ?»

«ዘንድሮ እግሬን አላነሳሁም። ካለፈው ዓመት ወዲህ ማን ያምነኛል?»

ያለፈው ዓመቱን ታሪክ ለመስማት መርማሪዋ ብዙ መለመን አላስፈለጋትም። የውሻ በሽታ ወደ ተኩላዎቹ ገብቶ ሐኪሟ አንድ መንጋ ሙሉ ከተበች፤ መንጋው ግን አለቀ። ፍሪጁ ከሶኬት ተነቅሎ አድሮ ክትባቱ ተበላሽቶ ኖሯል። የፍሪጁ ኃላፊ እሷ ስለነበረች ሰው ሁሉ ጣቱን ወደ እሷ ቀሰረ። መንደር ስትወርድ ልጆች «ገዳይዋ መጣች» ይላሉ።

«አልነቀልኩም ብዬ ስንቱን ልማል?» አለች ጡጦዎቹን እያወጣች። «በመጨረሻ እኔም ረስቼው ይሆናል ማለት ጀመርኩ።»

መርማሪዋን ያን ዕለት ከሰማችው ሁሉ ያመማት ይህ ነው።

ከዚያ አንቴናን ጎሬው ጋ ውሰደኝ አለችው። አቀበቱን «ወይ ጉልበቴ» እያለች፣ በየድንጋዩ እየተቀመጠች ወጣችው። ጎሬው ዘንድ ሲደርሱ አንቴና መሣሪያውን ከፍ አድርጎ ያዘ። ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ የሚል ቀስ ያለ ድምፅ መጣ።

«ማዶ ናት» አላት። «እንዲህ ቀስ ብሎ ሲመታ ደህና ናት ማለት ነው። ብዙ ሰዓት ሳትንቀሳቀስ ከቆየች ይፈጥናል። የፈጠነ ቀን ሬሳ ፍለጋ ነው የምንወጣው።»

በደረቱ ተኝቶ ትከሻውን ወደ ጠባቡ ጎሬ አስገባና አራቱን ቡችሎች በየተራ አወጣላት። ሲነሳ ደረቱም እጁም ቀይ ጭቃ ሆኗል። መርማሪዋ ከቡችሎቹ ይልቅ መጀመሪያ እሱን ትኩር ብላ አየችው። ከዚያ ቡችሎቹን ጭኗ ላይ እያገላበጠች መረመረች። ከጣቢያው የመጡት ሁለቱ ለመለያ ትከሻቸው ላይ ጸጉራቸው ተላጭቷል። ከሌሎቹ የአንደኛው ሆድ ላይ ግን አንዲት ነጭ ነገር ከጸጉሩ ጋር ተጣብቃ ደርቃለች።

«ይኼኛው የማን ነው?»

«የነጬ የራሷ ነው። አልተላጨም፣ አያዩትም?»

ነጯን ነገር በወረንጦ ነቅላ ፖስታ ውስጥ ከተተቻትና ቡችሎቹን ወደ ቤታቸው መልሳቸው አለችው።

ሊመሽ ሲል አራቱንም የጣቢያው መመገቢያ ክፍል ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ባለበጉ ጠብመንጃቸውን እንደያዙ ተቀመጡ። ሐኪሟ ደካማውን ቡችላ ከነካርቶኑ ይዛ ነው የመጣችው።

«አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይባላል» ብላ ጀመረች መርማሪዋ። «ነጬ አፍ ስለሌላት ቀላሉ እሷ ላይ መፍረድ ነው። የሞተ ሰው ግን አይደማም፤ የተነከሰው እጁም አልደማም። ነጬ ከማዶ ተመልሳ ስትነክሰው ሞቶ ነበር።»

«ዘልላበት ወድቆ ይሆናላ» አለ ወንድምየው።

«እሺ። ቡችሎቹን ጎሬ ያስገባቸው ማን ነው?»

«ወንድሜ ነዋ። ሌላ ማን ይሆናል?»

«አንቴናን እየው። ዛሬ አንዴ ቢተኛበት ደረቱ ቀይ ጭቃ ሆነ፤ ጥፍሩም ውስጥ አለ። የወንድምህ ደረትና ጥፍር ንጹሕ ነው። ወንድምህ ጎሬው ላይ አልተኛም። ሲሞት ቡችሎቹ ገና ሣጥኑ ውስጥ ነበሩ።»

ወንድምየው ዞሮ የአንቴናን ደረት አየ።

«እንግዲህ ገደሉ አፋፍ ላይ አንድ ሰው ቀርቷል» አለች። «ሌላ ነፍሰ ገዳይ ቢሆን ይሮጥ ነበር። ይህ ሰው ቡችሎቹ በብርድ እንዳይሞቱ አሰበ። ሽታቸውን አስተካክሎ አስገባቸው፤ ነጬ እንዳትበረግግ ብሎ ሣጥኑን እንኳ ከደነ። እንዲህ ዓይነት ስሕተት ከዚህ ቤት ሰው በቀር ማንም አይሠራም። አባታችን ቢሆኑ ቡችሎቹን አይምሯቸውም ነበር፤ ራሳቸው ነግረውኛል። አንተ ደግሞ ወንድሜ፣ አትቀየመኝ፣ ትከሻህ ጎሬው አፍ አይገባም። የሚቀሩት ሁለት ናቸው፤ አንዱ በአፈር፣ አንዷ በጥጥ የሚሠሩ።»

ፖስታውን ከፍታ ነጯን ነገር ጠረጴዛው ላይ አኖረቻት። ሐኪሟ ዓይኗን ከካርቶኑ አላነሳችም።

«ከመሄዳቸው በፊት ዓይናቸውን በጥጥ ጠርጌላቸዋለሁ» አለች። «ቢገኝ ምን ይገርማል?»

«ከእነሱ ላይ ቢገኝ አይገርምም ነበር። ይህ የተገኘው ከነጬ ልጅ ሆድ ላይ ነው። እሱ ደግሞ ይህን ቤት አይቶት አያውቅም።»

መርማሪዋ ወንበሯን ስባ ሐኪሟ አጠገብ ተቀመጠችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ልጄ፣ የማውቀው እዚህ ድረስ ነው። ወድቆ አገኘሁት፣ ቡችሎቹን ብቻ አስገባሁ ብትዪ የማፈርስበት የለኝም። ያን ጊዜ ግን ክሱ ነጬ ላይ ይቀራል። ነገ ጠዋትም አባታችን የተላኩበትን ይፈጽማሉ።»

ሐኪሟ ቀና ብላ ጠብመንጃውን አየችው።

«አብረን እንውጣ ያለኝ ጋሼ ነው» አለች። «ይቅር ያለኝ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር የሄድኩት። ጎሬው ጋ ስንደርስ ሣጥኑን አስቀመጠና፣ ያን ቀን ፍሪጁን የነቀልኩት እኔ ነኝ አለኝ። የእጅ ሬዲዮውን ሊሞላ ነቅሎ ረስቶት። ዓመት ሙሉ ያውቅ ነበር። አሁን ለሰው ይነግርልኛል ብዬ ጠበቅሁ። እሱ ግን ለማንም ባንናገር ይሻላል፣ ጣቢያው ይዘጋብናል አለ። አንቺን እንደሆነ ሰው ለምዶሻል አለኝ።»

እጇን አየችው።

«ገፋሁት። ልገድለው አልነበረም፤ ግን ገፋሁት። ሣጥኑ ውስጥ ቡችሎቹ ይጮኹ ነበር። ወድቆ ሞተ ይባላል ብዬ ነበር፤ ነጬ ላይ ይመጣል ብዬ አላሰብኩም። ትናንት ሲፈርዱባት ልናገር ብዬ ፈራሁ።»

«የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ» አለች መርማሪዋ ለራሷ ያህል።

«እኔ የእሱን ተሸክሜ ኖሬያለሁ» አለች ሐኪሟ። «ምን ያህል እንደሚከብድ አውቀዋለሁ። የእኔን ነጬ አትሸከምም።»

ወንድምየው ወንበሩን ገፍቶ ሲነሳ አንቴና ሊይዘው ብድግ አለ። እሱ ግን ወደ ሐኪሟ አልሄደም። ባለበጉ ፊት ቆሞ፣ ትንፋሽ እያጠረው፣ «አባባ፣ ጥይቱን ያውጡት» አላቸው። ሽማግሌው አንድ አንድ እያሉ አወጡና ኪሳቸው ከተቱት። ወንድምየው ከዚያ በኋላ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ አለቀሰ፤ ለማን እንደሚያለቅስ የጠየቀው የለም።

የመርማሪዋ መኪና ደጅ ቆሞ ነበር። ሐኪሟ ካርቶኑን ለአንቴና አስረከበችው። ወተቱን መጀመሪያ እጅህ ላይ ጠብ አድርገህ ሞክረው፣ ካቃጠለህ ያቃጥለዋል፣ ከጠገበ በኋላ ሆዱን ዳብሰው አለችው። አንቴና ራሱን ብቻ እየነቀነቀ ሰማት።

«በጥጥ ልዳብሰው?» አላት በመጨረሻ።

ፈገግ ልትል ሞክራ አልሆነላትም። ከዚያ «ከመሄዴ በፊት ነጬን አሰማኝ» አለችው። ካርቶኑን መሬት አስቀምጦ መሣሪያውን ወደ ጨለመው ኮረብታ አነሳ። መርማሪዋ ጉልበቷ እየጠዘጠዛት ቆማ ጠበቀች፤ ቶሎ በይ አላለችም። መጀመሪያ የነፋስ ሽውታ የመሰለ ነገር ብቻ ነበር የሚሰማው። ቆይቶ ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ አለ።

«ቀስ ብሎ ነው» አለች ሐኪሟ።

የመኪናውንም በር ራሷ ከፈተችው።