ሐሙስ ሐሙስ

ጓድ ወልደጻድቅ ከካርቶን ሳጥኑ አንድ ብጣሽ ወረቀት አወጡና ጮክ ብለው አነበቡ። «ፋዱማ ሐሙስ ሐሙስ ትፎርፋለች።»

ሸዋገነት አጠገቧ የተቀመጠችውን ፋዱማን በክርኗ ነካ አድርጋ ሳቋን ዋጥ አደረገች። ወረቀቱን የጻፈችው ራሷ ናት፤ ጻፊ ያለቻት ደግሞ ፋዱማ ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጓድ ወልደጻድቅ የስምንተኛ «ለ» ክፍል ኃላፊ ናቸው። ሁለት ተማሪዎቻቸው ጫት ሲቅሙ ተይዘው ከተባረሩ ወዲህ፣ ልጅ ሳይበላሽ ነው መያዝ ያለበት ብለው የዓርብ ሂስ የሚባል ነገር አመጡ። ዓርብ በመጣ ቁጥር ሁሉም አብሮት የሚቀመጠውን ልጅ አንድ ጥፋት ጽፎ ሳጥን ውስጥ ይከታል፤ የተጻፈበትም ተነስቶ ግለ ሂስ ያደርጋል። ባዶ ወረቀት አይቻልም። ተማሪ መቼም ተማሪ ነው፣ ጥንድ ጥንዱ እየተመካከረ ቀላል ቀላሉን መጻጻፍ ጀመረ። በዚያ ሳምንት ግን ለሁለቱ ማስቲካ ማኘኩም ማርፈዱም አልቆባቸው ነበርና ፋዱማ «አቦ፣ መቅረቴን ጻፊ፣ እሱ ምን አለው» አለቻት።

ፋዱማ ተነስታ ጥፋቷን አመነች። ጓድ ወልደጻድቅ ግን ተቀመጪ አላሏትም።

«ሐሙስን ምን ለየው? ከነማን ጋር ነው የምትውይው? ከቃሚዎቹ ጋር?»

ከኋላ አንዱ ሳቀ። የሸዋገነት ደም ፈላ። ጓደኛዋ ዱርዬ ስትባል እንዴት ዝም ትበል?

«ጓድ፣ እሷ ዱርዬ አይደለችም» አለች ብድግ ብላ። «ሐሙስ የጅቡቲ ባቡር ስለሚገባ እናቷን ልታግዝ ነው የምትሄደው። ያን ሁሉ ጨርቅ ብቻቸውን አይችሉትም።»

ሁሉም ዞሮ አያት። ሸዋገነት ምን እንዳለች የገባት ያኔ ነው። ድሬ ላደገ ልጅ በባቡር ተደብቆ የሚገባ ጨርቅ ምን እንደሆነ፣ ፊናንስ የሚሉት የጉምሩክ ፖሊስ የደረሰበት ቀንም ምን እንደሚመጣ አይነገረውም። ካፍ የወጣ አፋፍ! ዴስኩን ይዛ ቆመች። ፋዱማ ጭራሽ የማታውቃትን ሰው እንደምታይ አየቻት።

ጓድ ወልደጻድቅም ደንግጠዋል። እሳቸው የፈለጉት ቃሚ ነበር፣ የወጣው ኮንትሮባንድ።

«ተጽፏል?» አሉት ቃለ ጉባኤ ያዡን አብዱላሂን፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«ተጽፏል፣ ጓድ።»

«እንግዲህ ቃለ ጉባኤ አይሰረዝም። ሰኞ ለቀበሌ ይሄዳል። ሸዋገነት፣ ከደወል በኋላ መጥተሽ ትፈርሚያለሽ።»

ደወሉ እንደተደወለ ፋዱማ በረንዳው ላይ ቆመች። አልተሳደበችም፤ ብትሳደብ በስንት ጣዕሙ።

«አክስቴ አምና በአንድ ጣቃ ጨርቅ ስድስት ወር ታሰረች። ታውቂያለሽ» አለች። «እናቴ ከታሰረች ትንንሾቹን ማን ያበላል?»

«ፋዱማ፣ ወላሂ እኔ...»

«ተይው አቦ» ብላ ሄደች።

ሸዋገነት ወደ ክፍሉ ተመለሰች። ጓድ ወልደጻድቅ ብቻቸውን ተቀምጠው መዝገቡን ገልጠው ይጠብቃሉ።

«ጓድ፣ ዋሽቼ ነው» አለች። «የባቡሩን ነገር ፈጥሬ ነው ያወራሁት።»

ቀና ብለው አዩዋት። ልባቸው እውነቱን እንደሚያውቅ ከዓይናቸው ታየ።

«በጉባኤ ላይ የዋሸ ሰኞ በሰልፍ ፊት ቆሞ ግለ ሂስ ያደርጋል። አባትሽም ይጠራሉ።»

የሸዋገነት አባት የምድር ባቡር ሠራተኛ ናቸው። ሰበረች ቢሏቸው ይስቃሉ፣ ፈተና ወደቀች ቢሏቸው ያስጠናሉ። ዋሸች ሲሏቸው ምን እንደሚያደርጉ ግን አታውቅም፤ ዋሽታቸው አታውቅማ።

«ይጠሩ» አለች።

ጓድ ወልደጻድቅ መዝገቡን ወደ እሷ ገፋ አደረጉና ብዕራቸውን ሰጧት። «እንግዲያው ከሥሩ በእጅሽ ጻፊው። ውሸት ለቀበሌ አይላክም።»

ብዕሩን ተቀብላ የዓርብ ወረቀት እንደሚጻፈው ስም አስቀድማ «ሸዋገነት ትዋሻለች» ብላ ጻፈች፤ ከዚያ ፈረመች።