አንድ ሞል ፎስፈረስ

ኡበይደላ ገና ሽማግሌ ሳይልክ አማቱን ለማስደሰት ቸኮለ፤ ጣጣው ሁሉ የመጣው ከዚያ ነው።

ወልድያ ዩኒቨርሲቲ የሦስተኛ ዓመት የኬሚስትሪ ተማሪ ነው። ናጅዋን ያወቃት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ፣ ደብተሯ ላይ አቀርቅራ ስትጨነቅ ነበር።

«በአንድ ሞል ካልሲየም ክሎራይድ ውስጥ ስንት ሞል አዮን አለ?» አላት አጠገቧ ተቀምጦ።

«ሁለት።»

«ሦስት ነው። ሁለቱ ክሎራይድ ናቸው፤ ካልሲየሙን የት ጣልሽው?»

ቀና ብላ አየችው። የዚያን ቀን ሌላ ስሌት አልሠሩም።

ለዕረፍት ወደ ግራና ከተማ፣ አባቷ ቤት በገባች በሳምንቱ አባቷ ሐጂ አብዱልጀሊል፣ ስለ እሱ ከልጃቸው ሰምተው፣ ራሳቸው ደወሉለት። ማሽላቸውን ነቀዝ እንዳይበላው ሰግተዋል።

«አንተ የተማርከው ልጅ፣ ለአሥራ ሁለት ጆንያ ስንት የነቀዝ ኪኒን ይበቃል?»

ኡበይደላ ደስታው ወሰን አጣ። አሰላ፤ ለማንኛውም ብሎ ጥቂት ጨመረበትና ነገራቸው። ጆንያው የት እንደሚቀመጥ ግን አልጠየቀም።

ማክሰኞ ከሰዓት ናጅዋ ደወለች። ድምፅዋ ደክሟል።

«ራሴን ያመኛል፣ ያቅለሸልሸኛል። ክፍሌም ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ይላል።»

«ክፍልሽ ውስጥ ምን አለ?»

«የአባባ ማሽላ ነዋ። ከአልጋዬ ጎን ደርድረውታል።» ሳቅ አለች። «ጣሪያው ደግሞ ያፈሳል፤ ደመናው ከብዷል...»

መስመሩ ተቋረጠ። ደጋግሞ ደወለ፤ አይነሳም።

የነቀዝ ኪኒን አልሙኒየም ፎስፋይድ ነው፤ በአንድ ሞሉ ውስጥ አንድ ሞል ፎስፈረስ አለ። እርጥበት ሲነካው ያ ፎስፈረስ ገዳይ ጋዝ ሆኖ ይወጣል። ይህን ስንቴ ለሰው አስረድቷል!

ከወልድያ የተሳፈረበት ሚኒባስ ሲሪንቃ ሲደርስ መስታወቱ ላይ የመጀመሪያው ጠብታ አረፈ። መርሳ ላይ ዝናቡ ወረደ። ከዚያ በባጃጅ ወደ ግራና ሲገሰግስ፣ ለማንኛውም ብሎ የጨመራቸው ኪኒኖች አንድ በአንድ ፊቱ ላይ ድቅን አሉ። «ያ ረቢ፣ አደራህን!» ይላል።

ግቢያቸው ሲደርስ የክፍሏ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። አልጋዋ ባዶ ነው። ወደ ውስጥ ተንደረደረ።

«አትግባ!»

ናጅዋ ከግቢው ማዶ፣ አንድ ዳስ ሥር ተቀምጣለች። ፊቷ አመድ መስሏል።

«ስለ ክፍሌ መጠየቅህ ከነከነኝ፤ መስመሩ ሲቋረጥ የኪኒኑን ቆርቆሮ አነበብኩት» አለች በተቆራረጠ ድምፅ። «ፎስፈረሱን ሳሰላው፣ ስልኬን እዚያው ጥዬ ወጣሁ።»

«ከአላህ የመጣ ነው» አሉ ከጎኗ የቆሙት ሐጂ አብዱልጀሊል።

ዝም ቢል ያልፍለት ነበር። አልቻለም።

«የለም ሐጂ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ሰው ይተኛበት እንደሆነ ልጠይቅዎ ይገባ ነበር። እርስዎን ደስ ላሰኝ ብዬ...»

አባትየው ጋቢያቸውን ለናጅዋ አለበሷት። «መርሳ ጤና ጣቢያ እናድርሳት» አሉት። «ደግፋት።»

ባጃጁ ውስጥ ራሷን ትከሻው ላይ ጣል አደረገች።

«አሥራ ሁለቱን ጆንያ ቆጠርክ» አለችው ቀስ ብላ። «እኔን የት ጣልከኝ?»

እስከ መርሳ ድረስ ትንፋሿን እየቆጠረ ሄደ።